አደራና መያዣ

“አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” ይላል ያገራችን ሰው። አንድ ሰው ዕቃውን በሌላ ሰው እጅ አኑሮ ሲሄድ በሁለቱ መካከል ያለው ማሰሪያ ከዚያች ከአንዲት ቃል የበለጠ አይደለም። ምስክር ባይኖር፣ ወረቀት ባይጻፍ፣ ዳኛ ባይሰማ እንኳ፣ አደራ የተቀበለ ሰው ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ያለ ሰበብ አውጥቶ ይሰጣል። ይህን ያላደረገ እንደ ሆነ “አደራ በላ” ይባላል፤ በቋንቋችንም ከዚህ የከፋ ስም ብዙ አይገኝም። ከዚህ ሌላ ደግሞ መያዣ የሚባል አለ። መያዣ የተቀበለ ሰው ዕቃውን የሚመልሰው ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ የሚፈልገውን ካገኘ በኋላ ነው። በሁለቱም የአንዱ ሰው ንብረት በሌላው ሰው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣልና፣ ከውጭ ለሚመለከት ልዩነታቸው አይታይም። ልዩነቱ የሚገለጠው ባለቤቱ መጥቶ “ስጠኝ” ባለ ቀን ነው።

ይህን ልዩነት በመግቢያችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን ወደ ውጭ አገር ሄደው የሚያስተምሩ መምህራን በልዩ ልዩ ስፍራ የሚያጋጥማቸው አንድ ነገር አለና ስለ እርሱ ጥቂት ለማሰብ ፈልገን ነው። መምህሩ ካገሩ ተነሥቶ፣ ውል ፈርሞ፣ ባሕር ተሻግሮ ከትምህርት ቤቱ እንደ ደረሰ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በትሕትና ፓስፖርቱን ይጠይቀዋል። ለመኖሪያ ፈቃድ ማውጫ ነው ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ፈቃዱ ይወጣል፤ ፓስፖርቱ ግን አይመለስም። ከባልንጀሮቹ ፓስፖርት ጋር ተደርቦ በካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ቢጠይቅ፣ “ከእኛ ዘንድ ይቀመጥ፤ እንዳይጠፋብዎ ነው” ይሉታል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በዚያ ካዝና ውስጥ ያለው ደብተር አደራ ነው ወይስ መያዣ? መያዣስ ከሆነ፣ የተያዘው ወረቀቱ ነው ወይስ ሰውየው?

አስቀድመን ፓስፖርት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአውሮፓ ውስጥ ብዙ መንገደኛ ያለ ፓስፖርት ካገር ወደ አገር ይዘዋወር ነበር። ጦርነቱ ድንበሩን ሁሉ ዘጋው። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጥሪ ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ፓስፖርት በየአገሩ አንድ ዐይነት የደብተር ቅርጽ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ይህች ትንሽ ደብተር ለመንገደኛ እንደ ሁለተኛ አካል ሆናለች።

በብዙ አገሮች ፓስፖርት ውስጥ ሁለት ቃል እናገኛለን። አንደኛው መንግሥት ስለ ዜጋው የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ይህ ሰው የእኔ ነው ይላል። ሁለተኛው ወደ ሌሎች መንግሥታት የሚልከው ልመና ነው፤ ያለ መሰናክል አሳልፉት፣ ቢቸገርም እርዱት ይላል። ስለዚህ ፓስፖርት ከመንግሥት ወደ መንግሥት የተጻፈች ደብዳቤ ስትሆን፣ ተሸካሚዋ ዜጋው ነው። በብዙ አገሮች ሕግም ደብተሯ የሰጪው መንግሥት ንብረት ስለ ሆነች፣ ዜጋው ራሱ እንኳ ሊሸጣት ወይም በመያዣ ሊሰጣት አይችልም። ታዲያ አሠሪ በዚህ መካከል ምን ቦታ አለው? ደብዳቤውን የላከው እርሱ አይደለም፤ የተላከውም ለእርሱ አይደለም። የመልእክተኛን ደብዳቤ በመንገድ ተቀብሎ በሣጥኑ የቆለፈ ሰው ይመስላል።

ይህ ልማድ በይበልጥ የሚሰማው በባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች ነው። በእነዚህ አገሮች ከነዳጅ ሀብት የተነሣ ትምህርት ቤቶች በብዛት ስለ ተከፈቱ፣ ከግብፅ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከእንግሊዝ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎችም አገሮች መምህራን ይጠራሉ። የውጭ አገር ሠራተኛ የሚገባበት ሥርዐት “ካፋላ” ሲባል፣ የቃሉ ትርጓሜ ዋስትና ማለት ነው። አሠሪው በመንግሥት ፊት ለሠራተኛው ዋስ ይሆናል፤ የሠራተኛውም የመኖሪያ ፈቃድ ከዋሱ ስም ጋር ይታሰራል። እዚህ ላይ የቃሉ ዕጣ ያስገርመናል። በእኛ ልማድ ዋስ ማለት ሌላው ሰው እንዳይታሰር በራሱ ንብረት የሚቆምለት ነው፤ ዋስ ያገኘ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ዋስ ያጣ ወህኒ ይወርዳል። የሠራተኛውን ፓስፖርት የቆለፈ ዋስ ግን የፈችነቱን ስም እንደ ያዘ የአሳሪነትን ሥራ ይሠራል።

ሆኖም እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ የእነዚህ አገሮች ሕግ ልማዱን አይደግፍም። በሳዑዲ ዐረቢያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2000 ባወጣው ውሳኔ ፓስፖርት በሠራተኛው እጅ እንዲቆይ ወስኗል። በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች የአገር ግዛት ሚኒስቴር በ2002 ባስተላለፈው ሰርኩላር አሠሪዎች የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይይዙ አስታውቋል። ቀጠር በ2009 ባወጣችው ሕግ የመኖሪያ ፈቃዱ ሥራ እንዳለቀ ፓስፖርቱ እንዲመለስ አዝዛ፣ በ2015 በወጣው ሕግ ደግሞ ይህን ያፈረሰ እስከ 25 ሺህ ሪያል ሊቀጣ እንዲችል አድርጋለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1990 ስለ ስደተኛ ሠራተኞች ያጸደቀው ስምምነትም፣ በሕግ ከተፈቀደለት የመንግሥት ባለሥልጣን በቀር ማንም ሰው የሠራተኛን የመታወቂያና የጉዞ ሰነድ ሊወስድ ወይም ሊያጠፋ እንደማይችል በ21ኛው አንቀጽ ደንግጓል። እርግጥ ነው፣ ሠራተኛ ተቀባይ ከሆኑት ሀብታም አገሮች ብዙዎቹ ይህን ስምምነት አላጸደቁትም።

እንግዲህ ሕጉ ከተጻፈ ይህን ያህል ዘመን ሲሆነው ልማዱ ስለ ምን አልጠፋም? የተቆጣጣሪ ማነስ አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለናል። ሌባ የሰረቀው ዕቃ የእርሱ አለመሆኑን ያውቃል፤ ፓስፖርት የቆለፈ ዲሬክተር ግን ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ ጠንቃቃ አስተዳዳሪ እንጂ እንደ በደለኛ አይቆጥርም። ሕግ የከለከለውን ሥራ ሕሊና ካጸደቀው፣ ሕጉ በመዝገብ ቤት ይቀራል፤ ልማዱም በካዝናው ይኖራል። ስለዚህ ክርክሩን ከሕግ ሸንጎ አውጥተን ወደ ሕሊና ሸንጎ ማቅረብ አለብን።

በማናቸውም ሸንጎ ደግሞ የተከሳሹን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው። አሠሪው እንዲህ ሊለን ይችላል፤ “መምህሩን ካገሩ ያስመጣሁት በገንዘቤ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ገዝቻለሁ፣ ቤት ተከራይቻለሁ፣ የፈቃድ ዋጋ ከፍያለሁ። ይህ ሰው በዓመቱ እኩሌታ አንድ ሌሊት ሻንጣውን ይዞ ቢጠፋ የሚጎዳው የእኔ ከረጢት ብቻ አይደለም፤ ፈተናቸው የተቃረበ ሠላሳ ልጆች ያለ አስተማሪ ይቀራሉ። ይህ ደግሞ በሐሳብ የፈጠርሁት አይደለም፤ የደረሰብኝ ነው። ወረቀቱን ብይዝ ደመወዙን አልነካሁም፣ በእጁም ሰንሰለት አላገባሁም። ሥራውን ፈጽሞ ሲሄድ እሰጠዋለሁ። ደግሞም ፓስፖርት የሚጠፋ፣ የሚሰረቅ ነገር ነው፤ ከእኔ ካዝና የተሻለ ቦታ ከየት ያገኛል?”

ይህ ቃል ተራ ሰበብ ነው ብለን የምንጥለው አይደለም። ውሉን አፍርሶ በሌሊት የሚጠፋ መምህር በእውነት አለ፤ ልጆቹም በእውነት ይጎዳሉ። ነገር ግን አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። አሠሪው በመጨረሻ “እንዳይጠፋበት ነው” ብሎ ተናገረ፤ በመጀመሪያ ግን “እንዳይጠፋብኝ ነው” ብሎ ነበር። አንደኛው ስለ ወረቀቱ መጥፋት፣ ሁለተኛው ስለ ሰውየው መጥፋት ነው። አንደኛው የአደራ ቃል ነው፤ ሁለተኛው የመያዣ ቃል ነው። ሁለቱን ባንድ አፍ መናገር ቀላል ነው፤ ሁለቱን ባንድ ካዝና መፈጸም ግን አይቻልም።

ይህን ለመፈተን አንድ ነገር በሐሳባችን እንሣል። ከሩቅ አገር የመጣ የሒሳብ መምህር ሐሙስ ማታ እናቱ በሞት አፋፍ ላይ መሆኗን ይሰማል። ዓርብና ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። የካዝናው ቁልፍ ያለው ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ሲሆን፣ ኃላፊው ያለ ዲሬክተሩ ፊርማ አያወጣም፤ ዲሬክተሩም ለዕረፍት ወደ ሌላ አገር ሄዷል። እሑድ ጠዋት ኃላፊው በጨዋ አነጋገር፣ “ለስንት ቀን ነው የሚሄዱት? ለመመለስዎ ማን ዋስ ይሆናል? ማመልከቻ ይጻፉና ይፈረምበታል” ይለዋል። ማክሰኞ ፓስፖርቱ በእጁ ሲገባ እናቱ ተቀብራለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልመታውም። ሁሉም ሥርዐቱን ጠብቀው ሠሩ። ነገር ግን አንድ ጎልማሳ፣ የተማረ፣ ወንጀል ያልሠራ ሰው እናቱን ለመቅበር ፈቃድ ለመነ፤ ያውም ከመንግሥት ሳይሆን ከቀጠረው ሰው ለመነ። አደራ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ማታ በራሱ እጅ ይገኝ ነበር። “ማን ዋስ ይሆናል?” የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የካዝናው እውነተኛ ስም ተገለጠ።

“ግን እርሱ ራሱ ወዶ ሰጥቷል፤ ይኸውና ፊርማው” የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። በእርግጥም ከላይ የጠቀስነው የቀጠር ሕግ ሠራተኛው በጽሑፍ ጠይቆ ፓስፖርቱን ከአሠሪው ዘንድ ለማኖር እንዲችል፣ በፈለገም ጊዜ እንዲመለስለት ይፈቅዳል። ይህ መልካም ሐሳብ ነው፤ በእውነት ሣጥን የሌለው ሰው አለና። ነገር ግን ፈቃድ ማለት ምን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። “እሺ” የሚለው ቃል ዋጋ የሚያገኘው “እምቢ” ለማለት ከሚቻልበት ስፍራ ሲወጣ ነው። አንድ ሰው ገና ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ደመወዙ ሳይጀመር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ በሌላ ሰው ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቅጽ ቀርቦለት ቢፈርም፣ ፊርማው ስለ እጁ እንጂ ስለ ልቡ አይመሰክርም። ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን የምናውቀው በመስጠቱ አይደለም፤ ነገ ሐሳቡን ለውጦ ሲመለስ፣ ያለ ጥያቄና ያለ ቅሬታ መልሶ ማግኘቱን ስናይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። መምህሩ ውሉን ቢያፈርስ አሠሪው ምን ያድርግ? ውል የተከበረ ነገር ነው፤ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን የሥራ ውል ማለት ሰው ጊዜውንና ዕውቀቱን የሚያከራይበት እንጂ ራሱን የሚሸጥበት አይደለም። የሥራ ውል ያፈረሰ ሰው በገንዘብ ይጠየቃል፤ የተቀበለውን ይመልሳል፣ ያጎደለውን ይክሳል፣ የምስክር ወረቀቱንና የአገልግሎት ክፍያውን ሊያጣ ይችላል። ይህ ሁሉ በዳኛ ፊት ተመዝኖ የሚደረግ ነው። ፓስፖርትን መቆለፍ ግን ፍርዱን ከበደሉ አስቀድሞ መፈጸም ነው። ምንም ያላጠፋው፣ ዘመኑን ሁሉ በታማኝነት የሚያገለግለው መምህር፣ አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ጠፋ ሰው ይያዛል። ስለ አንዱ ከዳተኛ ሃያ ታማኞች ይታሰራሉ ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ የቀድሞ ልማዳችን አንድ ትምህርት የሚሰጠን ይመስለናል። በድሮ ዘመን ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ በአንድ ሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ልማዱ ጨካኝ ነበርና ይመለስ አንልም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ፍትሕ ነበረበት። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ባለ ዕዳውን ያሰረ ሰው ራሱም ታስሮ ነበር፤ ተከሳሹ ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ወደ ዳኛ ለመድረስ ሁለቱም እኩል ይቸኩሉ ነበር። የዛሬው የካዝና ቁራኛ ግን ባለ አንድ ጫፍ ነው። መምህሩ ተይዞ ይኖራል፤ ያዡ ግን ለዕረፍት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ያዡ የማይሰማው እስራት ስለ ሆነ ነገሩን ወደ ዳኛ ለማድረስ የሚቸኩል የለም። ሰው ሌላውን ሲያስር የእስራቱ ክብደት በጥቂቱም ቢሆን ለራሱ ካልተሰማው፣ እስራቱ ማለቂያ አያገኝም።

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት እንዳይገባብን እንጠንቀቅ፤ ይኸውም ነገሩን የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ አካባቢ ጠባይ አድርጎ መቁጠር ነው። በአሜሪካ ሉዊዝያና በምትባለው ክፍለ ሀገር ለሚገኙ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ2007 ጀምሮ ከ350 የሚበልጡ የፊሊፒንስ መምህራን በአንድ ቀጣሪ ወኪል አማካይነት ተወስደው ነበር። እያንዳንዱ መምህር ለወኪሉ ወደ 16 ሺህ ዶላር ገደማ ከፈለ፤ ይህም በአገሩ የብዙ ዓመት ገቢ ስለ ሆነ ብዙዎቹ በከባድ ወለድ ተበድረው ነበር። በ2010 ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ክስ እንዳመለከቱት፣ ወኪሉ የቀረው ክፍያ እስኪፈጸም ድረስ ፓስፖርታቸውንና ቪዛቸውን ይዞባቸው ነበር። በታኅሣሥ 2012 ጁሪ የሚባለው የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ወኪሉና ባለቤቱ ለመምህራኑ 4 ሚሊዮን 5 መቶ ሺህ ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። የትምህርት ቤቶቹ በር ክፍት ነበር፤ አገሩም በነፃነት ስሙ የታወቀ አገር ነው። እንግዲህ ይህ ነገር የሚበቅለው ከአንድ ዘር ወይም ከአንድ ሃይማኖት አይደለም፤ አንዱ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በሌላው እጅ በሚገኝበት፣ የሚቆጣጠርም በሌለበት ማናቸውም መሬት ላይ ይበቅላል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ “ደመወዝ የሚበላ፣ ቤት የተሰጠው መምህር ነውና ይህን ያህል ምን ያስለቅሳል? የከፋ በደል የደረሰባቸው ብዙዎች አሉ” ይለን ይሆናል። እውነቱን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ሊባኖስ ለቤት ሥራ የሄዱ እኅቶቻችን፣ ፓስፖርታቸው በእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ተቆልፎ፣ በሩም እንደዚሁ ተቆልፎ የኖሩ ብዙዎች ናቸው። መምህሩ የሚያማክረው ባልንጀራ አለው፤ ሕግ ማንበብ፣ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ባንድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ላለችው ልጅ ይህ ሁሉ የላትም። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው 189ኛው ስምምነት፣ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዳቸው በራሳቸው እጅ እንዲሆን የሚደነግግ ቃል ለብቻው ማስገባት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ይኸው ድርጅት ሰነድ መያዝን የግዳጅ ሥራ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ነገር ግን የመምህሩን ነገር ያነሣነው የእኅቶቻችንን ለመርሳት አይደለም፤ ሥሩ አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ዲግሪ ያለው፣ በአዳራሽ የሚከበር፣ የአገሩን ጌቶች ልጆች የሚያስተምር ሰው እንኳ ወረቀቱን ተቀምጦ ሲለምን ካየን፣ ነገሩ ከድኻ አለማወቅ የመጣ እንዳልሆነ እንረዳለን። “ልጅቱ ያልተማረች ስለ ሆነች እንጠብቅላት” የሚለው ሰበብ እዚህ ይፈርሳል። የመምህሩ ፓስፖርት በካዝና እስካለ ድረስ የልጅቱ ከቁም ሣጥን አይወጣም፤ ትልቁ ትምህርት ቤት ያላፈረበትን ነገር ትንሹ ቤት ሊያፍርበት አይችልምና።

ደግሞ መምህር በመሆኑ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። የመምህር ሥራ ልጆች በገዛ አእምሯቸው እንዲያስቡ፣ ስለ እውነትም እንዲቆሙ ማድረግ ነው። በአገራችን የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዜማ ከሚታወቅበት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት መምህር ይዞር ነበር፤ ዕውቀት በነፃ እግር ስትሄድ እንደምታድግ አባቶቻችን ያውቁ ነበርና። ዛሬ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስለ ሰው ልጅ መብት፣ በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫ በ13ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ካገር ለመውጣትና ወደ አገሩ ለመመለስ መብት እንዳለው መናገሩን ይጽፋል። ከዚያው ሕንፃ በታችኛው ፎቅ ግን የእርሱ የራሱ መውጫ ተቆልፏል። ልጆች ደግሞ ከምናስባቸው ይበልጥ ያያሉ። መምህራቸው በዲሬክተሩ ፊት ቃሉን ሲመጥን፣ ትክክል ያልሆነ ነጥብ ስጥ ሲባል ዝም ሲል ያያሉ። ከሰሌዳው የተማሩትን ይረሱ ይሆናል፤ ከካዝናው የተማሩትን ግን አይረሱትም። የተማሩትም ሰው የሚታዘዘው ስለ ተያዘ ነው የሚል ትምህርት ነው። ነገ አሠሪዎች ሲሆኑ ይህንኑ ያደርጋሉ።

እስካሁን የተናገርነው ለመምህሩ ወገን ነው፤ ስለ ግዴታው ሳንናገር ብናልፍ ግን አድልዎ ይሆንብናል። ቁልፉ ይከፈት የሚል ሰው ያለ ቁልፍ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። ውል ፈርሞ፣ የልጆችን ዓመት በእጁ ተቀብሎ፣ የተሻለ ደመወዝ ስላገኘ ብቻ በሌሊት የሚጠፋ መምህር፣ እርሱም በራሱ መንገድ አደራ በላ ነው። በልጆቹ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ሌላ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን የባልንጀራውን ፓስፖርት የሚያስቆልፈው እርሱ ነው። ችግር የገጠመው እንደ ሆነ በቀን ብርሃን ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ያለበትን ከፍሎ፣ ተሰናብቶ መሄድ ይችላል። ሆኖም ይህንም ለማድረግ ፓስፖርቱ በእጁ መሆን አለበት። በር የተዘጋበት ሰው ተሰናብቶ ለመውጣት አይችልም፤ መስኮት ይፈልጋል። ስለዚህ አሠሪው የፈራው በሌሊት መጥፋት፣ ራሱ ከቆለፈው ካዝና የሚወለድበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ ከባድ ገንዘብ ወይም ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ አይደለም። ለመኖሪያ ፈቃድ ማውጫ ፓስፖርት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የተቀበለው ሰው ስም፣ የተቀበለበትና የሚመልስበት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ለባለቤቱ ይሰጠው። ለአስተዳደር ሥራ የሚያስፈልገው ቅጂ ስለ ሆነ ቅጂው በመዝገብ ይቀመጥ። ሣጥን ለሌለው መምህር ቁልፉ በራሱ እጅ የሚሆን ሣጥን ይሰጠው። ውል እንዳይፈርስ የሚፈልግ አሠሪ የውሉን ፍጻሜ መልካም ያድርገው፤ ዘመኑን ለፈጸመ መምህር የሚከፈል ጉርሻ ከአሥር ቁልፍ ይበልጣል። ካገራችን ሠራተኞች ወደ ውጭ ሲላኩ ውሉን የሚመረምሩ ባለሥልጣኖችም፣ ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት ከሚጠይቁት ጋር አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ይኸውም “ፓስፖርቱ በማን እጅ ይኖራል?” የሚል ነው። ለማስተማርም ሆነ ለሌላ ሥራ ወደ ውጭ የሚሄደው ወጣት ደግሞ፣ በጨዋ አንደበት “ፈቃዱ መቼ ያልቃል? መቼ ይመለስልኛል?” ብሎ መጠየቅ ድፍረት አለመሆኑን ይወቅ።

እኛም በበኩላችን በዚህ ነገር ፈራጆች ብቻ አይደለንም። ዘመናዊ ትምህርት ወደ አገራችን የገባው በውጭ አገር መምህራን እጅ ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ መምህራን ነው። ከጠላት ወረራ በኋላም ብዙ የሕንድ አገር መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል፤ ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በየአውራጃው ከተማ ተሰማርተው ነበር። ዛሬ ከሸመገሉት ባለሥልጣኖችና መምህራን ብዙዎቹ ፊደል ወይም ቁጥር ከእነርሱ ተምረዋል። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ልጅን ያስተማረ ሰው ባለ ውለታ እንደ ሆነ ከዚህ እናውቃለን። ዛሬም በአገራችን በልዩ ልዩ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የውጭ አገር ሰዎች አሉና፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ኃላፊ ዛሬውኑ መሳቢያውን ስቦ ይመልከት። በውስጡ የሌላ ሰው ደብተር ቢያገኝ ራሱን ይጠይቅ፤ ባለቤቱ አሁን ገብቶ “ስጡኝ” ቢለኝ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳልጠይቅ እሰጠዋለሁን?

“አዎን” ካለ ባለ አደራ ነው፤ ቀድሞም ያለ ችግር ሊመልሰው ይችል ነበርና ዛሬውኑ ይመልስ። “መጀመሪያ እስቲ ወዴት ነው?” ካለ ግን ከእጁ ያለው አደራ አይደለም። የሰውን መውጫ በመያዣነት የያዘ ደግሞ ወረቀት ያዝሁ ብሎ ቢያስብም የያዘው ሰውን ነው፤ ሰው ደግሞ በማንም ዕዳ መያዣ ሆኖ ሊኖር አይገባውም።